የዝናብ ቀን ወረቀት

ወረቀቱ ቢጫ መሆን ነበረበት። ሎሬታ ዱቤክ ይህን ያስተዋለችው ዳኛው ፊሽካውን ከነፋ፣ ኳሷ ከተለጋች፣ ስምንት መቶ የሚሆነው ተመልካች ከነብርድ ልብሱ ብድግ ካለ በኋላ ነው። ልጇ ዌስ ሜዳው መሀል ቆሞ ግራ እጁን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ፣ አንጓው ላይ ባሰራት የላስቲክ ኪስ ውስጥ ያለችው ወረቀት አረንጓዴ ነበረች፤ ከአስራ ሁለተኛው ረድፍ ሆና እንኳ የማትሳሳታት፣ የአተር ሾርባ የምትመስል አረንጓዴ። እጇን ወደ ካፖርቷ ኪስ ከተተች። ጣቷ የነካውን ሳታወጣው አወቀችው። ቢጫዋ እዚያ ነበረች። በጀርባዋም ጠዋት ራሷ የጻፈችው አለ፦ ቅቤ፣ አምፖል፣ የውሻው የጆሮ ጠብታ።

«በቅሎዎች» የሚባለው የኮርዌል ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሰልጣኝ ሚስተር ፕሩዊት በየሳምንቱ ሐሙስ አዲስ ወረቀት ያወጣሉ። ወረቀቷ ከመጫወቻ ካርታ አትበልጥም፤ ላይዋ ቁጥሮች ተደርድረዋል፣ ከየቁጥሩ ጎን አንድ አጨዋወት ተጽፏል። ጨዋታው ሲጀመር አሰልጣኙ ከሜዳው ዳር ሆነው በጣታቸው ቁጥር ያሳያሉ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ቡድኑን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ልጅ፣ አንጓውን አይቶ ያ ቁጥር ምን እንደሚል ለጓደኞቹ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነሱም የነገራቸውን ይሠራሉ። ወረቀቷን የሚያነብ እሱ ብቻ ነው። ቀለሟ በየሳምንቱ የሚቀየረው ያለፈው ሳምንት ከዚህኛው ጋር እንዳይደባለቅ ተብሎ ነው። ይህን ያህል የተጠነቀቁለትን ነገር ነው እንግዲህ አንዲት እናት ኩሽናዋ ውስጥ የደባለቀችው።

«ጌሪ» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

ጌሪ ትንሽ ሬዲዮ በጆሮው ሰክቶ፣ ዓይኑ ሥር የሚካሄደውን ጨዋታ ከሬዲዮ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከኋላው ካልነገረው መንገዱ ትክክል አይመስለውም።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ፊትሽ ኖራ መስሏል እኮ።»

«ብርዱ ነው» አለችና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው።

ጥፋቱ የተሠራው ትናንት ማታ ነበር። የአንጓው ማሰሪያ የአንድ ዓመት ላብ ጠጥቶ ውሻው እንኳ የሚሸሸው ሆኖ ነበርና አጠበችው፤ የላላውን ላስቲክ ሰፋችው፤ ማሞቂያው ላይ አሰጣችው። ጠዋት ስትነሳ የዌስ ቢጫ ወረቀት የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። የጥርስ ሐኪሙን ቀጠሮ የምትሰቅልበት ቦታ ፈልጋ ደግሞ ያለፈውን ሳምንት አረንጓዴ ከማቀዝቀዣው በር ነቀለችና ከጎኗ አኖረቻት። ያን ጊዜ ስልክ ጮኸ። እህቷ ናት፤ በሱፐርማርኬት የእንቁላል ዋጋ ስድስት ዶላር ገባ ልትላት ነው የደወለችው። ሎሬታ በትከሻዋ ስልኩን ይዛ፣ «ስድስት! የወርቅ ነው እንዴ?» እያለች፣ በእጇ አንዷን ወረቀት ወደ ማሰሪያው ኪስ ሰካች፣ ሌላዋን ገልብጣ የሚገዛውን ጻፈችባት። በዚች ቤት ጋዙን ሦስት ጊዜ፣ የበሩን ቁልፍ አራት ጊዜ የምታይ ሴት፣ ከቦርሳዋ ውስጥ ፋሻና የሆስፒታሉ ስልክ ቁጥር የማይጠፋ ሴት፣ ይህቺን አንድ ጊዜ ደግማ አላየቻትም።

ሌላ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረ። በቅሎዎቹ በዚህ ዓመት ስምንት ሽንፈትና አንድ መብረቅ አስመዝግበዋል። መብረቁ ያለፈው ሳምንት ነው፤ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ሰማዩ ተቀዶ ሁሉም ወደ መኪናው ሮጠ፣ ግጥሚያውም በዚያው ተሰረዘ። ዛሬ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። ዌስ አራተኛ ዓመቱን ጨርሷል፤ ከዛሬ በኋላ ኳስ የሚባል የለም፣ የሒሳብ መምህርነት ነው። አሰልጣኙም ሐሙስ ዕለት በአካባቢው ሬዲዮ ቀርበው፣ «እስከ እረፍት ካልመራን ዱቤክን አስወጥቼ የሚቀጥለውን ዓመት ልጅ አስገባለሁ» ብለዋል። ይህ ሲባል ሎሬታ እንቁላል እየጠበሰች ነበር። ዌስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጌሪም ነበር። ዌስ ጨው አቀብይኝ አላት፣ አቀበለችው። አራት ዓመት ሲረገጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ የኖረ ልጅ የመጨረሻ ቀኑን ሁሉ እያየው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንዳይጨርስ፣ ይህችን ብቻ ነበር ከሐሙስ ወዲህ እግዜርን የለመነችው። እግዜር ደግሞ መልሱን በእሷ እጅ ላከ፣ አረንጓዴ አድርጎ።

ችግሩ የዌስ ክንድ ነው፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ክንዱ እስከ ሠላሳ ያርድ ድረስ ወርቅ ነው፤ በቡና ስኒ ውስጥ ክተት ቢሉት ይከታታል። ከሠላሳ ያርድ በኋላ ግን ኳሷ ትደክማለች፣ ትንገዳገዳለች፣ የተመታች ርግብ ሆና ትወድቃለች። አሰልጣኝ ፕሩዊት ደግሞ ኳስ ስትበር ማየት ይወዳሉ። ስምንት ሳምንት ረጅም ወርውር አሉት፣ ስምንት ሳምንት ወረወረ፤ የባላጋራ ተከላካዮች ሩቅ ቆመው እንደ በሰለ ፍሬ ለቀሟት። በመስከረም፣ ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ፣ ጌሪ እራት ላይ፣ «ክንድህ ይኸው ነው ልጄ፣ ከዚህ አይጨምርም» አለው። ሊያጽናናው ነበር። ዌስ ሹካውን አስቀምጦ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ስለ መኪና ዘይትና ስለ ውሻው ጆሮ ይነጋገራሉ እንጂ ኳስ የሚባል ቃል በመካከላቸው አላለፈም።

«የሻይ ማንኪያ!» አለ ከኋላቸው የጌሪ ታናሽ ወንድም ሮኒ፣ አፉ ቋሊማ ሞልቶ። «ክንድ አይደለም ያ፣ የሻይ ማንኪያ ነው! እኔ በጊዜዬ...»

«አንተ በጊዜህ ውኃ ታመላልስ ነበር» አለው ጌሪ ሳይዞር።

«ውኃም ቢሆን ሩቅ እወረውር ነበር! ደግሞ ለቋሊማ አምስት ዶላር! ዓምና ሦስት ነበር። ለዚህ ቡድን ከሆነ እነሱ ናቸው ለእኛ መክፈል ያለባቸው።»

ሎሬታ ቢጫዋን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣች፣ ፈተና ላይ እንደሚኮርጅ ተማሪ። አሰልጣኙ በጣታቸው አንድ፣ ቀጥሎ አራት አሳዩ። አስራ አራትን ፈለገች፦ ረጅም ውርወራ በቀኝ። ሜዳው ላይ ዌስ አንጓውን አየ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ተሰለፉ፤ ኳሷን ተቀብሎ ግራው ላይ ላለው አጭር ደንዳና ልጅ አስጨበጠው። ልጁ ጭንቅላቱን ቀብሮ ስምንት ያርድ ሮጠ። አሰልጣኙ እጃቸውን ወደ ቆባቸው ላኩ። ሁለት፣ ሁለት አሳዩ። ሃያ ሁለት፦ ረጅም ውርወራ በመሀል። ዌስ አንጓውን አየ። አሁን ትንሽ ቆየባት፤ ራሱን ቀና አድርጎ ወደ አሰልጣኙ ተመለከተ፣ እንደገና አንጓውን። ከዚያ ነገራቸው፤ ኳሷንም ለቅርቡ ሰው ልክ እንደ ዳቦ አቀበለው። አስራ ሁለት ያርድ። የባላጋራዎቻቸው የሃንትሊ ኮሌጅ ጭልፊቶች ሁለቱ የኋላ ተከላካዮች እንደ ልማዳቸው ከሜዳው ጫፍ ቆመው ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይጠብቃሉ።

እሷ ግን ይህን ለማየት ዓይን አልነበራትም። የታያት ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ቡድኑ ሲምታታ፣ ሁለት ልጆች ሲጋጩ፣ የዌስ ጉልበት ሲቀጭ፣ አሰልጣኙ ወረቀቷን ሲያዩ፣ «ማን ነው ይህን የሠራው?» ሲሉ። ቴርሞሷን አንስታ፣ ጉልበት ጉልበት እየረገጠች፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ እግርህን ሰብስብ» እያለች ከአስራ ሁለተኛው ረድፍ እስከ አጥሩ ወረደች። በሩ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ቨርን ቆሟል፤ በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ፣ ዌስን ስድስት ዓመት ያመላለሰ ሰው ነው።

«ሎሬታ፣ ከዚህ ወዲያ አይቻልም።»

«ቨርን፣ አንዲት ወረቀት ናት። ለልጄ።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ከጨዋታው በኋላ።»

«ቨርን፣ የእናትህ ቀብር ላይ ያንን ሁሉ ድንች በቺዝ ማን ነበር ያመጣው?»

«አንቺ ነሽ። እስካሁን አፌ ላይ አለ። ግን አይቻልም።»

«እንግዲያው አንተ ስጥልኝ!» ብላ ወረቀቷን በአጥሩ ሽቦ መካከል ሰካችለት። ቨርን ተቀበላት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ገልብጦ አነበበ። «ቅቤ?» አለ። «አሁን ቅቤ ምን ያደርግለታል?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ያለው የብረት መቀመጫ ሁሉ እንደ ባቡር ተንጎደጎደ። ዞረች። ደንዳናው ልጅ የሜዳውን ጫፍ አልፎ ኳሷን ታቅፎ ቆሟል፤ እሱ ራሱ ያመነው አይመስልም፣ ዳኛውን «እውነት ነው?» እንደሚል ዓይን ያየዋል። ዳኛው ሁለት እጁን አነሳ። ታችዳውን! ስድስት ነጥብ ነው፣ ከኋላው በእግር በምትመታው ኳስ ሰባት ይሆናል። ከጥቅምት መጀመሪያ ወዲህ የመጀመሪያው። ቨርን ሥራውን ረስቶ በአጥሩ ላይ አልፎ አንገቷን አቀፋት፣ ቴርሞሷ ወደቀች፣ ቡናው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሎሬታ ከእቅፉ ስትወጣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢጫዋን ከእጁ መንጠቅ ነበር።

«እንዴ፣ ላድርስለት አይደል?»

«ምኗን?» አለችው። «የገበያ ዝርዝር ናት እኮ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ስህተት መሆኑ ቀርቶ ምስጢር ሆነ። ወደ ቦታዋ ስትወጣ በመንገድ ላይ ገባት። አረንጓዴዋ ያለፈው ሳምንት የዝናብ ወረቀት ናት። ትንበያው ከባድ ዝናብ ብሎ ስለነበር፣ በረጠበች ኳስ ሩቅ መወርወር አይቻልምና፣ አሰልጣኙ ሳይወዱ በግድ አጭር አጭሩን፣ ሩጫ ሩጫውን ነበር የጻፉባት። መብረቁ መጣና ወረቀቷ አንድ ቀን እንኳ ሳትሠራ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቀረች። የዌስን ክንድ ልክ ያወቀች ወረቀት በኮርዌል ኮሌጅ ታሪክ ያቺ ብቻ ናት፤ እሷም ሥራ ፈትታ ከጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ ጋር ለቦታ ስትጣላ ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። ሎሬታ ግን ድግሱን ሳታምን ተቀመጠች፤ ገና ብዙ ሰዓት አለ፣ ብዙ ሰዓት ባለበት ብዙ ጉድ አለ።

ጭልፊቶቹም አገቡ፤ ሰባት ለሰባት። ያን ጊዜ አሰልጣኝ ፕሩዊት ዌስን ወደ ዳር ጠሩት። ሎሬታ የጌሪን የሩቅ ማያ መነጽር ነጥቃ ዓይኗ ላይ ደገነች። አሰልጣኙ የልጇን አንጓ ያዙ፣ ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አነበቡ። አፋቸው ተከፈተ። አሰልጣኙ የውጤቱን ሰሌዳ ቀና ብለው አዩ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከወር ሙሉው የበለጠ ያርድ። ቡናማ ቆባቸውን ነካ አደረጉ። ይህ ቆብ በከተማው የታወቀ ነው፤ አራት ዓመት ሳይታጠብ ሲያሸንፍ ኖሮ ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው አጠቡትና፣ ስምንቱ ሽንፈት ከዚያ ነው የመጣው ብለው የሚምሉ ሰው ናቸው። የሚሠራን ነገር መንካት እሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው። ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ከዚያም በሁለት እጃቸው የዌስን እጅጌ ቀስ አድርገው በወረቀቷ ላይ ሳቡት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። ጀርባውን መታ መታ አድርገው ላኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ጨዋታ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሎተሪ ምሽት ነበር። አሰልጣኙ ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ ቁጥር ይጠራሉ፤ ሰባት ይላሉ፣ ዌስ አንጓውን አይቶ ይነግራል፣ አስር ያርድ፤ አስራ ዘጠኝ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፣ ጩኸት ሲሰሙ ይገልጣሉ። ጭልፊቶቹ ግራ ገባቸው፤ የኋላዎቹ ተከላካዮች ቀረብ ሲሉ ደንዳናው ልጅ በጎን ያመልጣል፣ ወደ ጎን ሲሉ ዌስ መሀል ላይ ዳቦውን ያቀብላል። ለእረፍት ሲወጡ አስራ አራት ለሰባት እየመሩ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጅም ከነካፖርቱ አግዳሚው ላይ ቀረ። ሎሬታ ቢጫዋን በየቁጥሩ እያስተያየች የሚጠፋውን ውርወራ ትቆጥራለች። «ይህችኛዋ ትወድቅ ነበር» ትላለች በሆዷ፤ «ይህችኛዋን ይለቅሟት ነበር።» ሳታስበው ጮክ ብላ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ጌሪ።

«ብርዱ ነው።»

ከተማው በሬዲዮ ሰማ። መጀመሪያ የመጡት ከልብስ ማጠቢያው ቤት ነበሩ፣ ልብሳቸውን ማድረቂያው ውስጥ ትተው። ቀጥሎ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ መጣ፤ አንዱ ሰውዬ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ነጭ ጨርቁን እንዳንጠለጠለ። መግቢያው ሰባት ዶላር ነው፣ ግን ትኬት የምትቆርጠዋ ልጅ ሳጥኗን ዘግታ ከነሱ ጋር ገባች። ሮኒ ከኋላ ለመጣው ሁሉ «የወንድሜ ልጅ ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኩት!» ይላል።

«የሻይ ማንኪያው ምን ሆነ?» አለችው ሎሬታ።

«በሻይ ማንኪያ እኮ ነው ሕፃን የሚያድገው፣ ሎሬታዬ!»

ጭልፊቶቹ ግን የዋዛ አልነበሩም። አስራ አራት ለአስራ አራት አደረጉት፤ በቅሎዎቹ በእግር መትተው ሦስት ነጥብ ጨመሩ፤ ጭልፊቶቹ እንደገና አገቡ። ሃያ አንድ ለአስራ ሰባት። ሎሬታ ይህን ከጅምሩ ታውቅ ነበር፤ ደስታ ማለት ለመውደቅ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ሲያልቅ፣ ዌስ በአጭር በአጭሩ እያቀበለ ቡድኑን ሜዳውን ሙሉ አሻገረው፤ አንድ ተኩል ያርድ ሲቀር ሰዓቱ አምስት ሰከንድ ላይ ቆመ። አንድ አጨዋወት ብቻ።

አሰልጣኝ ፕሩዊት የራሳቸውን ቢጫ ወረቀት አዩ። ላብ በብርድ ይወርዳቸዋል። ጣታቸውን አነሱ፤ ሦስት። ቀጥሎ አንድ።

ሎሬታ ሁለቱን ወረቀቶች በልቧ አስተያየች። ቢጫዋ ላይ ሠላሳ አንድ አለ፣ ሠላሳ ሁለትም አለ። አረንጓዴዋ ግን በሠላሳ ነው የምታልቀው። በዚህ አትሳሳትም፤ ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣውን በከፈተች ቁጥር እንደ ጸሎት ስትደግማት ነበር፤ የመጨረሻዋ ሠላሳኛዋ፣ «ኳሷን ይዘህ ተንበርከክ» ነበረች። ከዚያ በታች ባዶ ወረቀት ነው። አሰልጣኙ በጭንቀት ረስተውታል። ዌስ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አንጓውን አየ። አንገቱን አዘንብሎ ደግሞ አየ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት። «በሉ እንጂ» አለ ጌሪ። «ምን ይጠብቃል?» የሎሬታ እጅ ኪሷ ውስጥ ቢጫዋን ጨብጦ ጨመደዳት። በቃ። ይኸው። በእሷ እጅ።

የዌስ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብላ መነጽሩን አነሳች፤ ልጇ እየሳቀ ነበር። ጓደኞቹን ሰበሰበ፣ አንድ ነገር አላቸው፣ አስሩም በአንድ ጊዜ ፈነዱ፤ የራስ ቁራቸው እየተጋጨ ሳቁ። እየሳቁ ተሰለፉ። ጭልፊቶቹ የሚስቅ ቡድን አይተው አያውቁምና ተያዩ። ዌስ ኳሷን ተቀበለ፣ አልወረወራት፣ ለማንም አልሰጣት፤ ሆዱ ላይ ታቅፎ ፊቱ ካሉት ሦስት ግዙፍ ልጆች ጀርባ ተለጠፈ፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ መጥተው ጭቃ እንደ ያዘው መኪና ይገፉት ጀመር። ክምሩ ቆመ። ሁለት ሺህ ሰው አብሮ ሲገፋ፣ ሮኒ የጌሪን ጀርባ ይገፋል፣ ጌሪ ከፊቱ ያለውን ሰውዬ ይገፋል። ክምሩ ተነቃነቀ። አንድ ስንዝር፤ አንድ ስንዝር። ከዚያ እንደ አሮጌ ግድግዳ ወደ ፊት ተናደ። ዳኛው ተንበርክኮ እግር ከእግር እየለየ ኳሷን ፈለገ፣ ፈለገ፣ ተነሳ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰደደ።

ሃያ ሦስት ለሃያ አንድ፤ ሰዓቱ አልቋልና ተጨማሪዋን ምት የጠበቀ የለም። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ጌሪ ሬዲዮውን ከጆሮው ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሎሬታን ከመሬት አነሳት፤ ወገቡን እንደሚያመው ሁለቱም ረስተውታል። «አስቀምጠኝ፣ ወገብህ!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

በዚያ ምሽት የዱቤኮች የፊት በር አልተዘጋም። ሎሬታ በዘጋችው ቁጥር ሌላ ሰው ከፈተው፤ ቨርን ድንች በቺዝ ይዞ መጣ፣ «አጸፋ ነው» አለ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት እርጥብ ልብሳቸውን እንደያዙ የመጡ ነበሩ። ደንዳናው ልጅ ብቻውን አንድ ሙሉ የዶሮ ሳህን ጨረሰ። ሳሎኗ፣ ስድስት ሰው ሲገባባት የምትጠብ፣ ሠላሳ ሰው ያዘች፤ ሎሬታ ወለሉ ይሰበራል ብላ ሁለት ጊዜ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ምሰሶውን አየች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ደጃፉ ላይ ቡናማ ቆብ በእጁ የያዘ ሰው ቆመ።

«ወይዘሮ ዱቤክ» አሉ አሰልጣኝ ፕሩዊት። «ያቺን የአንጓ ማሰሪያ ያጠበው ማን ነው?»

ይኸው መጣ፣ አለች በልቧ። «እኔ ነኝ» አለች።

«ወረቀቷንም ያስገባሽው?»

«እኔው ነኝ።»

አሰልጣኙ እጃቸውን ዘረጉ። «እባክሽን፣ ከነላቡ፣ ከነጭቃው፣ ከነወረቀቷ ስጪኝ። ዳግመኛ ውኃ እንዳይነካው። ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ ነው።» ቀጥለውም፣ «ለሚስቴም እንዳትነግሪያት የት እንደማስቀምጠው» አሉ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ዌስ ማሰሪያውን ከአንጓው ፈትቶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ቆባቸው ውስጥ አኑረው እንደ እንቁላል ይዘውት ሄዱ።

አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሮኒ ነበር፤ ጌሪ በክንዱ ይዞ እስከ መንገዱ ሸኘው። ሎሬታና ዌስ ኩሽናው ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ሳህን ታጥባለች፣ ያደርቃል። ከኪሷ የተጨማደደችውን ቢጫ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት።

«ዌስ፣ እኔ ነኝ ያደባለቅሁት።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ያወቅኸው አሁን አሰልጣኙ ሲናገሩ ነው?»

«በሁለተኛው ኳስ።» ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው። «አስራ አራት ሲሉ አጭር ሆነ፤ ይሁን አልኩ። ሃያ ሁለት ሲሉ እንደገና አጭር። እሳቸው ሃያ ሁለትን ለረጅም እንጂ ለሌላ ነገር ጠርተው አያውቁም። ያን ጊዜ ቀለሟን አየሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ይናገራል? በሕይወቴ የሚሆነኝን ወረቀት ያገኘሁት ያኔ ነው።»

ሎሬታ እጇን በጨርቁ ጠረገች። «መጨረሻ ላይ ግን ምንም አልነበረባትም። ምን አልካቸው?»

ዌስ ሳቁ እንደገና መጣበት። «ወረቀቱ አልቋል፣ ወንድሞቼ፤ እባካችሁ ግፉኝ።»

ጌሪ ከደጅ ገባ። የሰማውን ሰምቷል፤ በሩ ሥር ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «እግርህ ግን ደህና ነው» አለ።

ስለ ኳስ ከመስከረም ወዲህ ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«እግሬ አይደለም፣ አባ» አለ ዌስ። «ገፍተውኝ ነው።»

«እሱም ቢሆን፣ ደህና ሰው ካልሆንክ ማን ይገፋሃል?» አለ ጌሪ፣ ጫማውን ከውሻው አልጋ አጠገብ አኖረና፣ «ና፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ በሬዲዮ ነው የሰማሁት» ብሎ ወደ ሳሎን ገባ። ዌስ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ ተከተለው።

ሎሬታ ቢጫዋን ገልብጣ አነበበች። ቅቤ አልተገዛም፣ አምፖሉም፣ ጠብታውም። በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ አረንጓዴዋ በነበረችበት ቦታ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ አጠገብ ሰቀለቻት። ከሳሎን የሁለት ወንዶች ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይተርካል፣ አንዱ «ቆይ፣ ቆይ፣ ሃያ ሁለቱን ድገመው» ይላል። ወደ ፊት በሩ ሄደች። እንደ ልማዷ ደፉ ላይ ቆማ ነገ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ጠበቀች። ያገኘችው የውሻውን ጆሮ ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ ነገ ይቆያል። ቁልፉን አዞረችው። ተመልሳ አላየችውም።